አባ ምራቂና ትንሿ ሚዛን

አባ ምራቂ እህል መሸጥ ካቆሙ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሚዛናቸውን ግን አልሸጡም። በየዓመቱ አንድ ቀን በጨርቅ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው፣ ወደ ሚዛን ጠጋኙ ሱቅ ይወስዱታል። ጠጋኙም ዘይት ይቀባውና ሁለቱን ሳህኖች አስተካክሎ፣ «አባባ፣ ምንም አልሆነም እኮ» ብሎ ይመልስላቸዋል። ምንም እንዳልሆነ እሳቸውም አላጡትም። ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም ያልመዘነ ሚዛን ምን ይሆናል? ሰው ግን አርባ ዓመት አብሮት የኖረውን ነገር በአንድ ቀን አውጥቶ አይጥልም።

ስማቸውም የወጣላቸው ከዚሁ ሚዛን ነው። ማንም ሻጭ ከመዘነ በኋላ ትንሽ ጨምሮ ይመርቃል፤ የእሳቸው ምራቂ ግን በገበያው ሁሉ የታወቀ ነበር። ሚዛኑ እኩል ከቆመ፣ እህሉም የገዢው ከረጢት ውስጥ ከገባ በኋላ፣ እጃቸው ወደ ክምሩ ተመልሶ አንድ ሙሉ እፍኝ ይዞ ይመጣል። አጠገባቸው ይሸጥ የነበረው «ዓይናማው» የሚሉት ነጋዴ ደግሞ ሌላ ብልሃት ነበረው፤ ሲመዝን አስቀድሞ ያጎድልና ከጎደለው ላይ ጥቂቱን መልሶ፣ እጁን ከፍ አድርጎ እያሳየ፣ «ይኸው ምራቂ!» ይላል። ገዢው ደስ ብሎት አመስግኖት ይሄዳል። ዛሬም ድረስ የዓይናማው ስም ሲነሳ የአባ ምራቂ ፊት ይጠቁራል። «ሌባ ብቻ አይደለም፤ የሚመሰገን ሌባ ነው» ይላሉ።

ዘንድሮ ሚዛናቸውን አቅፈው ሱቁ ሲደርሱ አንዲት ወጣት ቀድማቸው ቆማ ነበር። ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠችው ነገር መጠኑ የመጽሐፍ ያህል፣ ፊቱ መስተዋት፣ ከታች በኩል ቁጥር የሚበራበት ነው። አባ ምራቂ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አሉ።

«ሚዛን ነው አባባ» አለች ወጣቷ። «የወጥ ቤት ሚዛን። አልበራም ብላኝ ነው።»

«ሳህኖቹስ? የሚዛኑ ድንጋይስ?»

«እሷ ድንጋይ አትፈልግም። ምግቡን ላይዋ ያስቀምጡታል፣ ስንት ግራም እንደሆነ ትናገራለች። እኔ የአባቴን ምሳና እራት ነው የምመዝንባት።»

«የአባትሽን ምን?»

«ምሳና እራት።»

አባ ምራቂ ሚዛናቸውን ባንኮኒው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡ፤ ክንዳቸው ስለዛለ ሳይሆን ነገሩ ስለከበዳቸው ነው። ልጅ ለአባቷ እህል መዝና ትሰጣለች! ልብሷ ንጹሕ፣ አነጋገሯ የጨዋ ልጅ። ታዲያ ምን ሆና ነው? ክፉ ልጅ ብለው እንዳይፈርዱ ፊቷ ክፉ አይደለም፤ ደግ ልጅ እንዳይሉ ሥራዋ ደግ አልመሰላቸውም።

«አትቀየሚኝ የኔ ልጅ» አሉ በመጨረሻ። «አባትሽ ምን አጥፍተው ነው?»

ወጣቷ ሳቀች። ከዚያ ትኩር ብላ አየቻቸውና፣ «እርስዎ የእማማ ባለቤት አይደሉም እንዴ?» አለች። «ሁልጊዜ ጤና ጣቢያው ደጃፍ የሚቀመጡት? የእማማን እግር የማጥበው እኔ ነኝ። አባቴም እንደ እማማ ስኳር አለበት።»

አባ ምራቂ ወደ መሬት አቀረቀሩ። ነርሷ ናት ማለት ነው። እሳቸው ቁስሉን ማየት ስለማይችሉ ሁልጊዜ ውጭ ይቀራሉ፤ ስለዚህ የነርሷን ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰሙ እንጂ መልኳን አያውቁም ነበር። ባለቤታቸውን «እሜቴ» ነው የሚሏቸው፤ እኛም እንዲሁ እንበላቸው። እሜቴን ስኳር ከያዛቸው አሥር ዓመት ሆኗል። በዚህ ዓመት የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ቆስሎ አልድን አለ። ከትናንት በስቲያ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይደርቅም፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ መድረቅ ካልጀመረ ደግሞ ጣቱ ይቆረጣል። አባ ምራቂ ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ሚዛኑን ለማስጠገን የመጡትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከቤት ለመውጣት ሰበብ ፈልገው ነው።

«ሐኪሙ የሰጠው ወረቀት አለ አይደል?» አለች ነርሷ። «ሩዝ መቶ ሃምሳ ግራም፣ ዳቦ ስልሳ ግራም የሚለው? እርስዎ ሩዙን እንዴት ነው የሚያወጡላቸው?»

«በጭልፋ ነዋ። እግሯን እንዳትቆምበት ስለተከለከለች፣ እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ታዘኛለች፣ እኔ እሠራለሁ፣ እኔው አወጣለሁ።»

«ስንት ጭልፋ?»

«እሱማ እንደ ጭልፋው ነው።»

ጠጋኙ በጎን ሳቀ። አባ ምራቂ ግን አልሳቁም፤ የተነኩ መስሏቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሰው ተቀምጦ ሲከራከር ነገሩን ከቁም ነገር ወስዶታል ማለት ነው።

«ልጄ ሆይ፣ አርባ ዓመት ከሚዛን ጋር ኖሬያለሁና ስለ ሚዛን ማንም አይነግረኝም» አሉ። «ሚዛን በማይተማመኑ ሰዎች መሀል የሚቆም ዳኛ ነው። ገዢው እኔን አያምነኝም፣ እኔም እሱን አላምነውም፤ ስለዚህ ብረቱ ይፍረደን እንባባላለን። ባልና ሚስት መሀል ምን ሊሠራ ይገባል? ሃምሳ ዓመት አብራኝ የኖረችን ሴት ምግብ ብመዝን፣ ‹ሰውዬው ሰሰተብኝ› አትልም? እናቶቻችንስ መዝነው ነው ያሳደጉን?»

«እናቶቻችን ሳይመዝኑ አሳድገውናል፣ እውነት ነው» አለች ነርሷ በትሕትና። «ግን አባባ፣ የእኔ አያት በዚሁ በሽታ ሲሞቱ ምን እንደያዛቸው እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ያልመዘንነው ስለማያስፈልግ አይደለም፤ ስላላወቅን ነው። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። በእነዚያ አርባ ዓመታት ሰው ከረጢት ይዞ መጥቶ ‹ይሄ አሥር ኪሎ ነው› ሲልዎት ስንት ጊዜ ልክ ሆነ?»

አባ ምራቂ ሳያስቡት ሳቅ አሉ። «አንድም ቀን! አንዱማ ሃያ ነው ብሎ ምሎ ተገዝቶ አሥራ አራት ሆነበትና ሚዛኑን ሊደበድበው ነበር።»

«ውሸታም ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! ዓይኑ ነዋ። ዓይን የፈለገውን ነው የሚያየው። የሻጭ ዓይን ያበዛል፣ የገዢ ዓይን ያሳንሳል።»

«የሚወድ ዓይንስ አባባ? ለሚወደው ሰው ምግብ ሲያወጣ ያበዛል ወይስ ያሳንሳል?»

እዚህ ላይ የእሜቴ ሳህን በዓይናቸው መጣ። ምንጊዜም ቢሆን ያነሰ ይመስላቸዋል።

«ያሳንሳል» አሉ ቀስ ብለው። «የሰጠው ሁሉ ትንሽ ይመስለዋል።»

«እንግዲያው ዳኛው የሚቆመው በእርስዎና በእማማ መሀል አይደለም። በዓይንዎና በስኳሩ መሀል ነው። የእማማን መድኃኒት እፍኝ ሙሉ አይሰጧቸውም፤ ሁለት ፍሬ ተብሎ ከታዘዘ ሁለት ነው የሚሰጡት። ለስኳር በሽተኛ ሩዝም ዳቦም እንደዚያው ነው።»

አባ ምራቂ የገዛ ቃላቸው ተመልሶ ስለመታቸው ተናደው ይሁን ተደስተው ራሳቸውም አላወቁም። ብቻ በጠጋኙ መደርደሪያ ላይ ከነበሩት ትንንሽ ሚዛኖች አንዷን ገዝተው፣ ትልቁን ሚዛን በአንድ ብብት፣ ትንሿን በኪስ ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። መንገዱን ሙሉ ኪሳቸውን ይዳብሱ ነበር። ሚዛን በኪስ ተይዞ ሲኬድ በሕይወታቸው አይተው አያውቁም።

እሜቴ ትንሿን ሚዛን ሲያዩ መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ይሄ ለማን ነው?»

«ለአንቺ ነው። ምግብሽን ልመዝንልሽ።»

«ምግቤን?» እሜቴ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «አርባ ዓመት ለአገር ምድሩ ስትመርቅ ኖረህ፣ ሚስትህ ጋ ስትደርስ ሚዛን ታወጣለህ? ደግ አደረግህ ጌታው!»

አባ ምራቂ ከነርሷ የሰሙትን ሊያስረዱ ሞከሩ፤ ዳኛ፣ ዓይን፣ ስኳር፣ ከረጢት፣ ሁሉንም ቀላቅለው ሲናገሩ ነገሩ ለራሳቸውም ጠፋባቸው። እሜቴ ነገሩ ባይገባቸውም የባላቸው ጭንቀት ገባቸውና፣ «በል መዝን፣ እናያለን» አሉ።

መዘኑ። ሳህኑን ሚዛኗ ላይ አስቀምጠው፣ ሩዙን ጨምረው ቁጥሩን ሲያዩ ስድስት መቶ ሃያ አለች። ወረቀቱ መቶ ሃምሳ ይላል። ከሩዙ ቀነሱ፤ አምስት መቶ ሰባ። አሁንም ቀነሱ፤ አምስት መቶ አሥር። የመጨረሻዋን ፍሬ ሩዝ ጠርገው ሲያነሱ አራት መቶ ስልሳ ላይ ቆመች፤ ሳህኑ ግን ባዶ ነው።

ሁለቱም ባዶውን ሳህን ተመለከቱ።

«እንደ ወረቀቱ ከሆነ» አሉ እሜቴ፣ «ከሳህኑም ላይ ትንሽ መቁረስ አለብህ።»

አርባ ዓመት ሙሉ የጆንያውን ክብደት ሳይቀንሱ አንድም ቀን ያልሸጡ ሰው ሳህኑን ረሱት! የረሱት ግን ከሞኝነት አልነበረም፤ እቃዋ በመብራት የምትናገር ዘመናዊ ስለሆነች፣ ሳህኑ ሳህን መሆኑን ራሷ የምታውቅ መስሏቸው ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እንዲህ ነው፤ ወይ ምንም አያውቅም ብሎ ይንቀዋል፣ ወይ ሁሉን ያውቃል ብሎ የራሱን እውቀት ደጅ ያስቀምጣል። በማግስቱ ነርሷ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ፣ ሳህኑን ካስቀመጡ በኋላ ቁጥሩን ወደ ዜሮ የምትመልሰውን ቁልፍ አሳየቻቸውና ነገሩ ተስተካከለ።

ከዚያ ወዲያ አባ ምራቂን የሚያህል ሚዛነኛ አልተገኘም። መቶ ሃምሳ ከተባለ መቶ ሃምሳ ነው፤ መቶ ሃምሳ አንድ ካለች አንዲት ማንኪያ ጫፍ ያነሳሉ። ዳቦውን ሲቆርጡ እጃቸው እንደ ወርቅ ሠሪ ይጠነቀቃል። ከእሜቴ ቤት ስኳር ወጣ፣ ብስኩት ወጣ። መድኃኒቱ በሰዓቱ ይዋጣል። እሜቴም መጀመሪያ አኩርፈው፣ ቀጥሎ ቀልደው፣ በመጨረሻ ለመዱት።

በሦስተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄዱ። አባ ምራቂ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አልቀሩም፤ ደረታቸውን ነፍተው ገቡ። ነርሷ ደም ወስዳ፣ ቁጥሩን አይታ፣ ግንባሯን ቋጠረች።

«ስንት ሆነ?» አሉ አባ ምራቂ።

«አልወረደም አባባ።»

«ምን ማለት አልወረደም?»

«እንደ ድሮው ነው። ቁስሉም እንዳለ ነው።»

አባ ምራቂ ነርሷን አዩ፣ እሜቴን አዩ፣ ጣቱን ደግሞ ደፍረው አዩት፤ ጠርዙ ጠቁሯል። ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሦስት ሐሳብ በራሳቸው ውስጥ ይጋጭ ነበር። ወይ ሚዛኗ ትዋሻለች፣ ወይ ሐኪሙ ተሳስቷል፣ ወይ ደግሞ... ሦስተኛውን ሊያስቡት አልፈለጉም። መጀመሪያ ሚዛኗን ፈተኗት። ትልቁን ሚዛን ከነድንጋዮቹ አወጡ፤ ድንጋይ ይባሉ እንጂ ብረት ናቸው። የመቶ ግራሙን ላይዋ አስቀመጡ፤ መቶ አለች። የሁለት መቶውን አስቀመጡ፤ ሁለት መቶ አለች። የመቶውንና የሃምሳውን አንድ ላይ ቢያስቀምጡ ትክክል መቶ ሃምሳ። አንዲት ግራም አልሰረቀችም። በማይረባ ነገር ደስ እንደሚላቸው ሰዎች ደስ አላቸው፤ ወዲያው ግን ሦስተኛው ሐሳብ መጣ።

ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። ከትራሱ ሥር አዩ። የዱቄቱን ጣሳ አንኳኩ። እሜቴ ከወንበራቸው ሆነው ይከታተሏቸዋል።

«ምን ጠፋብህ?» አሉ እሜቴ።

«ምንም።»

«ምንም ከትራስ ሥር አይፈለግም።»

«እንግዲህ...» አሉ አባ ምራቂ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። እኔ ውሃ ልቀዳ ስወጣ፣ ማን ያውቃል...»

አልጨረሱትም። መጨረስም አላስፈለጋቸውም። እሜቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና እንባቸው ወረደ። ጣታቸው ይቆረጣል ሲባሉ ያላለቀሱ ሴት ናቸው።

«ሃምሳ ዓመት» አሉ። «ሃምሳ ዓመት አንድ ነገር ደብቄህ አላውቅም። መዝነህ የሰጠኸኝን በልቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ነው የዋልኩት። ሚዛን ባለበት እምነት የለም ያልከው ለካ እውነት ነው።»

የዚያን ቀን እሜቴ እራት አልበሉም። አባ ምራቂ ሳህኑን ይዘው ፊት ለፊታቸው ቆመው ቀሩ። በደሉ፣ አልበደሉም፣ ያምናሉ፣ አያምኑም፤ ራሳቸውን ቢጠይቁ መልስ የላቸውም። ሚስታቸው አትዋሽም። ሚዛኗም አትዋሽም። ቁጥሩም አይዋሽም። ሦስት እውነት ተነግሮ እንዴት አንድ ውሸት ይወጣል?

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ነርሷ በሩን አንኳኩታ ገባች። ማንም አልጠራትም፤ እሷም እንደ እነሱ ነገሩ አልገባት ብሎ ነው የመጣችው።

«እማማ፣ አልቆጣም» አለች ከእሜቴ አጠገብ ተቀምጣ። «አባባም እንደወትሮው ይሥሩ። እኔ ዝም ብዬ ልይ።»

አባ ምራቂ ሳህኑን ሚዛኗ ላይ አስቀመጡ። ቁልፉን ተጭነው ወደ ዜሮ መለሱ። ሩዙን በጭልፋ እየጨለፉ አወጡ፤ መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ አራት፣ መቶ ሃምሳ ሁለት። በማንኪያ ጫፍ ቀነሱ። መቶ ሃምሳ። ሚዛኗን ለነርሷ አዞሩላት።

«ይኸው!»

«ልክ ነው» አለች ነርሷ፤ ግራ መጋባቷ ባሰ።

አባ ምራቂ ሳህኑን ከሚዛኗ ላይ አነሱ። በግራ እጃቸው ይዘው ወደ እሜቴ ሊወስዱ ሲዞሩ፣ ቀኝ እጃቸው ወደ ድስቱ ተመለሰና፣ ጭልፋውን አንስቶ፣ አንድ ጭልፋ ሩዝ ከላይ ጣል አድርጎ ጭልፋውን መለሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይናቸው እሜቴ ላይ ነበር።

«አባባ» አለች ነርሷ። «አሁን ያደረጉት ምንድነው?»

«የቱን?»

«አሁን የጨመሩት።»

«ምን ጨመርኩ?»

«ሩዝ! አሁን፣ በጭልፋው!»

አባ ምራቂ ሳህኑን አዩ፣ ቀኝ እጃቸውን አዩ፣ ድስቱን አዩ። ከዚያ ፊታቸው በራ፤ አንድ ሞኝ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው ፈገግ አሉ።

«እሱንማ ነው እንዴ! እሱ እኮ ምራቂ ነው።»

«ምራቂው ተመዝኗል?»

«ምራቂ ይመዘናል እንዴ የኔ ልጅ? ምራቂ ከሚዛን በኋላ ነው። ከተመዘነማ ምኑን ምራቂ...»

ቃሉ አፋቸው ላይ ቆመ።

ነርሷ ተነሥታ ሌላ ሳህን ሚዛኗ ላይ አስቀመጠችና ወደ ዜሮ መለሰቻት። «እስቲ እንደገና ይመርቁልኝ» አለች። አባ ምራቂ እንደ ሕልም ዓለም ሰው ጨለፉና አደረጉ፤ ስልሳ ግራም። ባዶ አድርጋ እንደገና አለቻቸው፤ ስልሳ ሁለት። ለሦስተኛ ጊዜ፤ ስልሳ። አርባ ዓመት የሠራ እጅ ነው፣ አይዛነፍም።

አባ ምራቂ ወረቀትና እስክሪብቶ አላስፈለጋቸውም። «በምሳ ስልሳ» አሉ ለራሳቸው። «በቁርስና በራት ደግሞ አንዳንድ ቁራሽ ዳቦ እጨምራለሁ፣ እሱም ስልሳ ስልሳ... በቀን መቶ ሰማንያ። በሦስት ሳምንት...» ድምፃቸው ጠፋ። «ወደ አራት ኪሎ ነው። አራት ኪሎ ሙሉ በላይ በላይ መርቄላታለሁ።»

ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን የሌላ ሰው ይመስል ጭናቸው ላይ አድርገው ያገላብጡታል።

«እማማ፣ እርስዎስ ሲጨምሩ እያዩ ለምን ዝም አሉ?» አለች ነርሷ።

«እኔማ መጀመሪያ ይመዘናል፣ ቀጥሎ ይጨመራል፣ እንዲህ ነው የታዘዘው ብዬ ነዋ» አሉ እሜቴ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጨመሩ፦ «እውነቱን ልንገርሽ ልጄ? ሳህኑ ላይ ያለው ሁሉ የሐኪሙ ነበር። ያቺ ጭልፋ ብቻ የእሱ ናት። እሷን እንዴት እምቢ እላለሁ?»

አባ ምራቂ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። እነሆ፣ ሚስታቸውን ሌባ አድርገው ከትራሷ ሥር ሲፈልጉ፣ ሌባው የገዛ እጃቸው ነበር፤ ያውም የማይሰርቅ፣ የሚሰጥ ሌባ። ተነሥተው እሜቴ ፊት ቆሙ።

«ይቅር በይኝ» አሉ። «ትራስሽን ስላየሁት። ያንን ስለተናገርኩሽ።»

«ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል» አሉ እሜቴ። «የአንተ ደግሞ ደግ ልማድ ሆኖ ማዕድ ላይ ጨመረ። ተቀመጥ አሁን፣ ሩዙ ቀዘቀዘ።»

ነርሷ ጉዳዩ ያለቀ መስሏት ደስ ብሏት ሄደች። አላለቀም። ልማድ ስለታወቀ ብቻ አይተውም። በማግስቱ አባ ምራቂ መዘኑ፣ ሳህኑን አነሱ፣ እጃቸው ሄደ። ያዙት። በማታውም ሄደ፤ አሁንም ያዙት። እጃቸውን ሲይዙ ግን ሳህኑ የጎደለ፣ ሰው የተሰደበበት ሳህን መሰላቸው፤ ለእሜቴ ሲያቀርቡት ፊታቸውን ያዞራሉ። እሜቴም በሉ እንጂ አልጣማቸውም። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። አባ ምራቂ ነገሩ ዞረባቸው፤ ከመረቁ ጣቷ ይሄዳል፣ ካልመረቁ ደግሞ ምኑን ባል ሆኑ? በአንድ እጅ ሁለት ነገር መያዝ አቃታቸው።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ሲያወጡ ቁጥሯ ዘጠና ላይ ስትደርስ እጃቸው ቆመ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ከዚያ ብቻቸውን ሳቁ።

«ምን ሆንክ?» አሉ እሜቴ።

«ዓይናማው ትዝ አለኝ።»

«ያ ሌባ?»

«ያ ሌባ።»

ዘጠና ላይ ተዉትና ሳህኑን ሳያነሱ፣ ሚዛኗን ከነሳህኑ እሜቴ ወደሚያዩት ጠረጴዛ አመጧት። ጭልፋውን ሞልተው ከፍ አድርገው አሳዩአቸው። «ይኸው ምራቂ!» ብለው ጣል አደረጉ። ቁጥሯ መቶ ሃምሳ ላይ ቆመች።

እሜቴ ቁጥሯን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ ነገሩ ገባቸው። የዚያን ቀን ሳህናቸውን ጠርገው በሉ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ሥርዓቱ ይህ ሆነ። በቀሩት ሳምንታት ውስጥ የስኳሩ ቁጥር እየወረደ መጣ፤ የጣቱ ጠርዝ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ጠገገ። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ጣቱን አገላብጦ አይቶ፣ «አይቆረጥም» አለ። አንዲት ቃል ናት። አባ ምራቂ ግን ሐኪሙ ሁለት ጊዜ እንዲናገራት ጠየቁት።

ሚዛን ወደ ቤት መግባቱ ያመጣው ጥቅም ይሄ ብቻ አልነበረም። እሜቴ ከምሳ በኋላ ይጫናቸው የነበረው ድካም ለቀቃቸው፣ ውሃ ጥሙ ቀነሰ። የሚበስለው ስለሚታወቅ የሚደፋ ምግብ ጠፋ። አባ ምራቂ ራሳቸው ሳህናቸውን መመዘን ጀምረው፣ ደረጃ ሲወጡ ያፍናቸው የነበረው ትንፋሽ ተከፈተ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥርጣሬ ከቤቱ ወጣ፤ ማን በላ፣ ማን ደበቀ የሚል ነገር የለም፣ ቁጥሯ ሁለቱም ፊት ትናገራለች። አሁን ጎረቤት ሲመጣ አባ ምራቂ ትንሿን ሚዛን አውጥተው፣ ሳህኑ መቀነስ እንዳለበት፣ ከሚዛን በኋላ የሚጨመር ነገር ሁሉ አደገኛ እንደሆነ፣ ፍቅርም ቢሆን ሳህን ላይ ከወጣ መመዘን እንዳለበት ሰዓት ሙሉ ያስረዳሉ። አስተማሪ ያጣ ጎረቤት የለም።

ከሐኪሙ የተመለሱ ዕለት ነርሷ አብራቸው መጥታ ነበር። አባ ምራቂ ሩዙን አወጡ፤ ዘጠና ላይ ሲደርሱ ጭልፋቸውን አቆሙና ወደ መስኮቱ ማየት ጀመሩ፣ የጨረሱ ሰው መስለው።

«ምራቂዬስ?» አሉ እሜቴ እጃቸውን ዘርግተው።

አባ ምራቂ ጭልፋውን ሞልተው፣ ከፍ አድርገው፣ ጣል አደረጉ። መቶ ሃምሳ።

«ሌባ!» አሉ እሜቴ፤ ከሳቃቸው የተነሣ መነጽራቸው ወደቀ።

አርባ ዓመት አንድ ግራም ያላጎደሉ ሰው በስተርጅናቸው በገዛ ቤታቸው ሌባ ተባሉ፤ ደስም አላቸው። አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። የዓይናማው ተንኮል ገበያውን ሙሉ ሲያራቁት ኖሮ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ እንዴት የሰው ጣት አዳነ? ነርሷን ጠየቋት። እሷም አልገባትም። እሜቴ ግን ማንኪያቸውን እያነሱ፣ «እዚያ የሚያጎድለው ለራሱ ነበራ» አሉና፣ አሥሩንም የእግራቸውን ጣቶች ወለሉ ላይ ዘርግተው መብላት ጀመሩ።